የልኬት ደብተሬ ኅዳግ

በአገራችን መጽሐፍ የሚሸጠው በአፍ ነው። ደራሲው ብዙ ጊዜ አሳታሚውም አከፋፋዩም ራሱ ነው። ከዘመድ ተበድሮ፣ የማተሚያ ቤት ወረፋ ጠብቆ፣ ጥቂት ሺህ ቅጂ ያወጣል። ለማስታወቂያ የሚተርፈው ሳንቲም የለም። ጋዜጦችም ስለ አዲስ መጽሐፍ የሚጽፉት ሲመቻቸው ነው። እናም መጽሐፉ ከተመረቀበት አዳራሽ ወጥቶ ሰው ቤት እንዲገባ፣ ያነበበው ላላነበበው «ይቺን ነገር አይተሃታል?» ማለት አለበት። ዴርቶጋዳ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ የሆነው ይኸው ነው። ይስማዕከ ወርቁ ገና ወጣት ደራሲ ነበር፤ መጽሐፉ ግን በታክሲው፣ በካፌው፣ በዩኒቨርሲቲው ዶርም እየተወራለት በላይ በላዩ ታተመ።

እኔ ደራሲም ሐያሲም አይደለሁም። ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሙያዬንም እዚያው የተማርኩ የሴቶች ልብስ ሰፊ ነኝ። ከማሕሙድ ሙዚቃ ቤት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሁለት ደንበኛ ከተቀመጠ ሦስተኛዋ ደጅ የምትጠብቅባት ክፍል ነበረችኝ። ከስፌት መኪናዬ በላይ ያለው መደርደሪያ ለጨርቅ የተሠራ ነበር፤ ቀስ በቀስ መጽሐፍ ወረሰው። ነገሩ የመጣው ከጥበቃ ነው። «ቁልፏን ብቻ ልትከልና ትወስጃታለሽ» ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚዋሻት ውሸት ናት። ቁልፉ እስኪተከል፣ ገበሩ እስኪገባ፣ ካውያው እስኪግል ሰዓት ይሄዳል። ያን ሰዓት የሚያሳልፍ ነገር ያስፈልጋል።

አንድ ቀን አንዷ የጀመረችውን ሳትጨርስ ቀሚሷ ደረሰላት። «እትዬ፣ ይቺን ልውሰዳትና እመልሳታለሁ» አለችኝ። የልኬት ደብተሬን ገልጬ ከስሟ ጎን ጻፍኩት። ደረት 92፣ ወገብ 74፣ ዳሌ 100፤ ኅዳጉ ላይ ደግሞ «ከአድማስ ባሻገር፣ እስከ ጥምቀት»። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። መያዣ ጠይቄ አላውቅም። መያዣው የሚቀጥለው ቀሚስ ነው፤ መጽሐፌ ካልተመለሰ ጨርቁ ከፌስታሉ አይወጣም። ይህን ደንበኞቼ ሁሉ ያውቁታል፤ ለሠርግ የሚደርስ ቀሚስ ያላት ሴት ደግሞ መጽሐፍ ስትመልስ የሚቀድማት የለም።

ለዓመታት ሲሞላ ያ ኅዳግ ብዙ ነገር ነገረኝ። በሁለት ቀን የተመለሰ መጽሐፍ ወይ እንቅልፍ ነስቶ ያለቀ ነው፣ ወይ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ያላለፈ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከሴትየዋ ፊት ነው። «ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወሬ የምትቀይረው አላነበበችም። ያነበበችማ ጠብ ይዛ ነው የምትመጣው። «አበራን ግን ማን ይምከርልኝ? ሥራውን ይልቀቅ ይቀመጥ አያውቅም እኮ!» እያለች ገና ከበሩ ትጀምራለች፤ የበዓሉ ግርማ ሠዓሊ ለመሆን የሚመኘው ቢሮክራት ጎረቤቷ ይመስል። ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሌላዋ ደንበኛ ደግሞ ቀና ትልና «ምንድን ነው የምታወሩት?» ትላለች። በቃ፣ ቀጣይዋ ተዋሽ እሷ ናት። እኔ አፌን አልከፈትኩም።

ሁለት እህትማማች ደንበኞች ነበሩኝ። ፍቅር እስከ መቃብርን ተራ በተራ ወሰዱት። ታላቂቱ ለሰብለ ወንጌል አልቅሳ መለሰችው። ታናሺቱ ሰብለንም በዛብህንም ከቁም ነገር አልቆጠረቻቸውም፤ የምታወራው ስለ ጉዱ ካሳ ብቻ ነበር። «አንድ ሰው እብድ ሳይባል እውነት የሚናገርበት አገር የት ነው?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። አንድ ቤት ያደጉ፣ አንድ ቅጂ ያነበቡ ሴቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ለታላቂቱ የምሰጠውን ለታናሺቱ ሰጥቼ አላውቅም።

ጮክ ብሎ የማንበብ አገር

እኛ አገር መጽሐፍ ለብቻ ተሸሽጎ የሚነበብ ነገር የሆነው በቅርቡ ነው። በቤተ ክርስቲያን ተአምረ ማርያም ለተሰበሰበው ሕዝብ በድምፅ ይነበባል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ደብዳቤም ፊደል የቆጠረ ልጅ ተጠርቶ ለቤተሰቡ ሁሉ ያነበው ነበር፤ እናት ስታለቅስ ልጁ ቆም ይላል፣ «ቀጥል» ሲባል ይቀጥላል። ሬዲዮ ሲመጣ ይህንኑ ልማድ አገኘ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ግን ጉዱ ካሳን ከእኔ አስበልጣ ታውቀዋለች። ያስተዋወቃት ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ልብ ወለዱን ሲተርክ። ትረካው ሲጀምር ግቢያችን ጸጥ ይላል። ሬዲዮ ያለው ቤት መስኮቱን ይከፍታል፤ የሌለው በርጩማውን ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ የሰማ ሰው እስከ ዛሬ ፊታውራሪ መሸሻን ሲያስብ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። በኋላ መጽሐፉን ገዝቼ ወደ ቤት ስገባ እናቴ ሽፋኑን ዳበሰችና «ይኼን ሁሉ ነው የነገረን?» አለች።

ግልጽ መወያየት በማይቻልበት ዘመን ደግሞ መጽሐፍ መምከር ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በዓሉ ግርማ ኦሮማይን በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ በኩል አወጣ። መንግሥት ወዲያው ከገበያ ሰበሰበው፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሳይሰበሰቡ የቀሩት ቅጂዎች ግን በጋዜጣ ተለብደው፣ ርዕሳቸው ተሸፍኖ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሄዱ። «እንካ፣ አንብብ» የሚል ሰው ራሱን ለተቀባዩ አሳልፎ መስጠቱ ነው። እናም ለማን እንደሚሰጥ አስቦ አስቦ ነበር የሚሰጠው። የተከለከለው መጽሐፍ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም ገበያ ወጥቷል። እስከዚያ ድረስ ስሙን ያቆዩለት እነዚያ በጋዜጣ የለበዱት ሰዎች ናቸው።

ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም የእኛው ሰፈር ጉዳይ ነው። ልብ ወለዱ ሌቱም አይነጋልኝ የሚተርከው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ስላለው ስለ ውቤ በረሃ ሌሊት ነው፤ ስለ ሴቶቹ፣ ስለ ጠጪዎቹ፣ ስለ ሙዚቃው። ስብሐት ፈረንሳይ ሳለ ጽፎት፣ ቋንቋው ደፋር በመሆኑ ለአሥርት ዓመታት የሚያትመው ጠፋ። ወዳጆቹ ግን ቅጂውን እየተዋዋሱ አነበቡት፤ ያላነበበው ስላነበበው ሰው ሰማ። በ2004 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ሲወጣ አዲስ አበባ ውስጥ ዝናው ከተሰማ ሰንብቶ ነበር። ሳይታተም የተመከረ መጽሐፍ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የነቢይ መኮንን ታሪክ ነው። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቸል ትልቅ ልብ ወለድ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»፣ እስር ቤቱ ገባ። ቅጂው አንድ፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ደግሞ እንግሊዝኛ የማያነበው እስረኛ ቀላል አይደለም። ነቢይ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ይመልሰው ጀመር። ሦስት ሺህ ያህል ቁራጭ ወረቀት ፈጀ ይባላል። ወረቀቶቹ ከእስር ቤት በድብቅ ወጥተው ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። አንድ ሰው የወደደውን መጽሐፍ ለጎኑ ሰው ለማካፈል ከዚህ በላይ ሲደክም አልሰማሁም። ዛሬ «መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ላንተ አይሆንም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የሲጋራ ፓኮ ትዝ ይለኛል።

የሬዲዮው ተራኪ ድምፁን ሰጠ፤ ኦሮማይን ያዋሰው ደህንነቱን አስያዘ፤ ነቢይ ጊዜውንና ዓይኑን ከፈለ። የመካሪ ቃል የሚታመነው ለመጽሐፉ ዋስ ሲሆን ነው። ዋስ ደግሞ የራሱን አስይዞ ነው የሚቆመው። በነጻ የሚበተን «አሪፍ ነው፣ አንብቡት» ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም።

ክንድ ላይ ያለ መደብር

ፒያሳ ድሮም የመጽሐፍ ሰፈር ነው። የግሪኩን የጃኖፑሎስን መጻሕፍት ቤት ትልልቆቹ ያነሱታል፤ የእኔ ዕድሜ ሰው የሚያነሳው ግን ኪራዩን ነው። መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግተው መጽሐፍ የሚያከራዩ ልጆች ነበሩ። መታወቂያህን አስይዘህ፣ ለቀን የምትከፍለው ሳንቲም ነው፤ ካሳደርክ ይጨምራል። ጋዜጣም እንዲሁ ይከራይ ነበር፤ በተለይ የሥራ ማስታወቂያ ፈላጊው ግድግዳ ተደግፎ አንብቦ ይመልሳል። ኪራይ አንባቢን ያቻኩላል። ሌሊቱን ሻማ ለኩሶ የጨረሰ ልጅ ጠዋት ሲመልስ ቀጣዩ ተከራይ ቆሞ ይጠብቀዋል። «እንዴት ናት?» «መሐሏ ይከብዳል፣ ግን ግፋ።» ከዚህ አጭርና ሐቀኛ ሂስ የት ይገኛል?

ከዚያ ዘመን የቀረልን አዟሪው ነው። ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ይዛችሁ ስትቀመጡ ይመጣል። ከእጅ አንጓው ጀምሮ እስከ አገጩ መጽሐፍ ቆልሏል፤ የላይኛውን በአገጩ ይጫነዋል። ርዕሳቸው ሁሉ ወደ እናንተ ዞሯል። ከላይ የሚደረድራቸው «ሳይኮሎጂ» የሚላቸውን ነው፤ ስኬት፣ ገንዘብ፣ ራስን ማሳመን። ከዚያ የፖለቲከኞች ትዝታ፣ ከዚያ ታሪክ። ልብ ወለድ ወደ ታች ነው። ከገበያ የጠፋው አሮጌ መጽሐፍ የሚገኘው ደግሞ ትከሻው ላይ ካንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ለዚያ ዋጋ አይጠራም፣ መጀመሪያ ፊታችሁን ያያል።

ከአንዱ ጋር ተላምደናል። መጀመሪያ ቀን የተባባልነው ይህ ነበር።

«ማዘር፣ ይቺን ልስጥዎ?»

«ምንድን ናት?»

«ሳይኮሎጂ ናት። ቆይ፣ ለእርስዎ አይደለችም።» ቁልሉን በጉልበቱ ደግፎ ከሥር አንዷን መዘዘ። «ለእርስዎ ይቺ ናት።»

«አንተ አንብበሃታል?»

«ግማሿን። የቀረችውን እርስዎ ካልገዙኝ ነው የማነባት።»

ገዛሁት። መጽሐፏን ከመምዘዙ በፊት ያየውን ነገር አስተውያለሁ፤ መነጽሬን፣ ከቦርሳዬ ብቅ ያለችውን የሜትር ጫፍ፣ ጠረጴዛው ላይ የተገለበጠችውን ያልጨረስኳትን መጽሐፍ። ያልጨረስኳት ልብ ወለድ ነበረች። ካልጨረስኳት ጋር የምትቀራረብ ሌላ አስቦ መረጠ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ እኔ በኅዳጌ ዓመታት የፈጀብኝን ሥራ እሱ እንጀራው ስለሆነ ቶሎ ለምዶታል።

ለማን?

«ምን ላንብብ?» የሚለኝን ሰው «የመጨረሻ የወደድከው ምን ነበር? ምኑን ወደድክ?» ብዬ እመልስለታለሁ። ጨርቁ የቱንም ያህል ቢያምር ልክ ሳልወስድ መቀስ አላነሳም፤ መጽሐፍም ላይ ያው ነኝ።

ይህን ነገር በወጉ አስባ ያደራጀችው ናንሲ ፐርል የምትባል የአሜሪካ ሲያትል ከተማ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። በ1998 እ.ኤ.አ. አንድ ከተማ በሙሉ አንድ መጽሐፍ አንብቦ እንዲወያይ የጀመረችው ሥራ ብዙ ከተሞች ቀድተውታል። እሷ እንደምትለው አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው፤ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ መቼቱና ቋንቋው። እያንዳንዱ መጽሐፍ አራቱም አሉት፤ ግን አንዱ ከሌሎቹ ይሰፋል። አንባቢም የለመደው በር አለው።

ወደ እኛ መደርደሪያ ላምጣው። «ቀጥሎ ምን ሆነ?» እያለ ገጽ የሚያገላብጥ ሰው በታሪክ በር ነው የሚገባው። ለእሱ ኦሮማይን ወይም ዴርቶጋዳን ስጡት፤ ሲጨርስ ሌሊት ነው። ሰው የሚወድ፣ ካነበበ በኋላ ስለ ገጸ ባሕርያቱ እንደ ዘመድ የሚያማ፣ ፍቅር እስከ መቃብር ይሁንለት። ሁለቱ እህትማማቾቼም በአንድ በር ነው የገቡት፤ ውስጥ ገብተው ግን የተቀመጡት ለየብቻ ነው። ቦታና ዘመን የሚናፍቅ ሰው፣ በተለይ የድሮ አዲስ አበባ ነገር የሚያንሰፈስፈው፣ ሌቱም አይነጋልኝን ይሞክር፤ ዕድሜውን ግን ጠይቁ፣ መጽሐፉ ለልጅ አይሰጥም። የቋንቋው በር ጠባቡ ነው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያወጣው አደፍርስ፣ አዳም ረታ በ1997 ዓ.ም. ያወጣው ግራጫ ቃጭሎች ከዚህ ወገን ናቸው። ቀስ ብሎ ለሚያጣጥም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ማንበብ ለማይሰለቸው ሰው የሚሰጡ ናቸው። በታሪክ በር ለሚገባ ሰው አደፍርስን ብትሰጡት ከመጽሐፉም ከእናንተም ይቀየማል።

ከናንሲ ፐርል የወሰድኩት ሌላም ደንብ አለ። ሃምሳ ገጽ አንብባችሁ ካልያዛችሁ ተዉት ትላለች። ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ዕድሜያችሁን ከመቶ ቀንሱ፤ የቀረው ነው የምትታገሡት ገጽ። እኔ ሃምሳ አራት ነኝ፤ 46 ገጽ ይበቃኛል። ሕይወት እያጠረች ስትሄድ ትዕግሥቱም ማጠር አለበት ማለቷ ነው። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ ግልግል አሉ። ትምህርት ቤት መጽሐፍ የጀመረ ሁሉ መጨረስ አለበት ብሎ ነው ያሳደገን፤ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ስለሚያፍር «ቆንጆ ነው» ብሎ ይሸሻል። «46ኛው ገጽ ላይ ተውኩት» ማለት የሚችል ሰው ግን ለቀጣዩ ምርጫ የሚጠቅም ወሬ ሰጣችሁ።

ከራሴ ሁለት ልጨምር። መጽሐፉ ለማን እንደማይሆን ተናገሩ። «አስለቃሽ ነው፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው አሁን አያንብበው» ስትሉ፣ ለሚሆነው ሰው ስትመክሩ የበለጠ ትታመናላችሁ። ሁለተኛው፣ ሙሉ ታሪኩን አትንገሩ። የመጀመሪያዋን ችግር ተናግራችሁ ዝም በሉ። ለምሳሌ አንድ ጋዜጠኛ በትልቅ ዘመቻ ወደ አስመራ ይላካል፤ እዚያም ከአንዲት ሴት ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ይኸው ነው፤ ኦሮማይን ለመስጠት ሌላ ቃል አያስፈልግም።

ሰፈሩ ሲበተን

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙው ክፍል በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ፤ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ ያሉ ቤቶች ተነሡ። ሰፈርተኛው ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማው ዳርቻዎች ሄደ። የእኔም ክፍል ከዚያው ጋር ሄደች። የስፌት መኪናዬን በፒክአፕ፣ መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ጭኜ ወጣሁ። ስነሣ በውሰት የወጡት መጻሕፍት የት የት እንዳሉ ቆጥሬያለሁ፤ የተዋሱት ሰዎችም በአራቱ ማዕዘን ተበትነዋል። መዋዋስ ጉርብትና ይፈልጋል። ነገ በሯ ላይ የማታልፉባት ሴት መጽሐፍ ብትወስድ ማን ይጠይቃታል?

ያን ክፍተት ዛሬ የሞላው ቴሌግራም ነው። የድሮ ደንበኞቼ አንድ ግሩፕ አላቸው፤ እዚያ እያነበቡ ያሉትን ገጽ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ደስ ይለኛል። ከእነሱ አንዷ ውጭ አገር ሆና ትከታተለናለች፤ ፒያሳ ሳለች ከምታነበው በላይ ታነባለች። ግን እዚያው የማልወደው ነገርም አለ። አዲስ መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነሥቶ ፒዲኤፍ ሆኖ ይለጠፋል። «እንካፈል» ይባላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ያለ ደራሲው ፈቃድ ማባዛት የተከለከለ ነው። ለእኔ ግን ነገሩ ከሕጉም ይቀድማል። ራሱ ተበድሮ ያሳተመ ሰው ሁለተኛ መጽሐፍ እንዳይጽፍ ማድረግ ምን ዓይነት ማካፈል ነው? አንድ የገዛነውን ቅጂ ለአሥር ሰው ብናውስ ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ የራሳቸውን ይገዛሉ፤ ኅዳጌ ላይ አይቼዋለሁ። ፒዲኤፉን ግን ብዙው ሰው አውርዶ እንኳ አይከፍተውም።

ይህ ሲባል ዘመኑ ባዶ አይደለም። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሸገር ሼልፍ ትረካ የወጋየሁን ወንበር ይዞ ቀጥሏል፤ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ደጁ ደርሶ ትረካው እስኪያልቅ ከመኪናው ሳይወርድ ሲያዳምጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ሚዩዚክ ሜይዴይ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር አዳራሽ የሚያዘጋጀው የእሁድ የመጽሐፍ ውይይት ላይ ሐያሲው ሲጨርስ ታዳሚው እጁን ያወጣል፤ እኔ የምጠብቀው ያችን ሰዓት ነው። አንድ ተማሪ ተነሥቶ «እኔ ግን አልገባኝም» ሲል አዳራሹ ይነቃል። አራት ኪሎ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብዙው ወጣት የፈተና መጽሐፍ ይዞ ቢቀመጥም አጠገቡ ልብ ወለድ የተደረደረበት መደርደሪያ አለ። ከፈተናው መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው የሚያሻግረው ግን አንድ «ይቺን ነገር አይተሃታል?» የሚል ሰው ነው። ሕንፃው ያንን ሊለው አይችልም።

እና እኔ አሁን ምን እያነበብኩ ነው? የአዳም ረታን የስንብት ቀለማት። እጅግ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ተኝቶ ለማንበብ ክንድ ያዝላል። ታሪኩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ጎን ይወጣል፣ የግርጌ ማስታወሻው ራሱ ሌላ ታሪክ ይወልዳል። 46ኛውን ገጽ ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ለሚቸኩል ሰው አልመክረውም፤ ለፈተና ለሚያጠና ተማሪም አልመክረውም። የምመክረው ከኖረበት ሰፈር ለተነሣ፣ ያሳለፈውን አንድ በአንድ ለሚያስታውስና ጊዜ ላለው ሰው ነው። እንዲህ ያለች አንዲት የዶሮ ማነቂያ ጎረቤቴ ገላን ጉራ አለች። ስጨርሰው በአውቶቡስ ወስጄ እሰጣታለሁ፤ ቀሚስ የምታሰፋው አሁንም እኔ ጋ ስለሆነ መመለሱ አያሳስበኝም።